ከፎቶው የቆረጥኩት ሰሊጥ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴም ቢሆን። ጾም መሻሬን፣ ሰው መስደቤን፣ አልፎ አልፎ መስከሬን ነግሬያቸዋለሁ። ወደዚህኛው ስደርስ ግን ጉሮሮዬን ጠርጌ "ሌላ የለም አባ" እላለሁ። አለ። ሰው አስገድያለሁ። ማስገደል ብቻ ቢሆን ደግ፤ እጄም አለበት።

ኮኪት በምትባል የቆላ ከተማ ስልክ እጠግናለሁ፣ ቻርጅ አደርጋለሁ። ቁጭ ብዬ ስለምውል የቴሌግራም ወሬ ሱስ ሆነብኝ። የአካባቢው ልጆች የከፈቱት ግሩፕ ነበረን፤ ማንም የፈለገውን የሚያወራበት። የትኛው ስልክ ባትሪው ይበረክታል፣ የሰሊጥ ማጨጃ ማሽን ቢመጣ የቀን ሠራተኛው ምን ይበላል፣ ሚስት የባሏን ስልክ መክፈት አለባት ወይ፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ነገር። እኔ በአካል ሲያዩኝ አፍ የለኝም። እዚያ ግን አንድ ቀልድ ጽፌ የሳቅ ምልክት ሲደረደርልኝ ልቤ ይሞላል። ይህን የምለው ሰበብ እንዲሆነኝ አይደለም። ሰውን በምን ያህል ርካሽ ነገር እንደሸጥኩት እንድታውቁት ነው።

አላምረው ከጎጃም ለአረም መጥቶ ለአጨዳም የቆየ ሠራተኛ ነበር። ያወቅኩት የጋሽ ጥጋቡ ሰሊጥ እርሻ ላይ ሶላር ልጠግን የሄድኩ ቀን ነው። ከማሳው ዳር ባለ ዛፍ ፍልፍል ውስጥ ንብ አግኝቶ፣ የሚጨስ የሣር ችቦ ይዞ ያባርራል። "ና ወንድምዓለም፣ አትፍራ! ንብ የምትነድፈው የሚሮጠውን ነው" አለኝና እየሳቀ ወደ እኔ ዞረ። ፊቱ ጥላሸት ለብሷል፣ ችቦው በእጁ ይጨሳል። ፎቶ አነሳሁት። ሳሳየው "ሽፍታ መስያለሁ እኮ!" ብሎ ተንከተከተ። ከዚያ ዛፉ ሥር ተቀምጠን ማሩን ከነሰፈፉ በላን። ከጀርባው ያለው ሰሊጥ ያኔ አረንጓዴ ነበር፤ ገና አበባ ላይ። ይህን ያዙልኝ።

አጨዳ ደረሰ። ሰሊጥ ታጭዶና ታስሮ፣ ቆሞ እንዲደርቅ የሚከመረውን እኛ ሂላ እንለዋለን። ሂላ የቆመ ሰሞን ቆላ ውስጥ እሳት የያዘ ሰው ጠላት ነው። ሲጋራ እንኳ ከማሳ ርቆ ነው የሚጨሰው። የዓመት ልፋት በአንድ ብልጭታ ዓመድ ሲሆን ያየ ሰው ማስረጃ ምናምን አይጠይቅም። ይህን እዚህ የተወለደ ሁሉ ያውቃል። እኔም እዚሁ ነው የተወለድኩት።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ የጋሽ ጥጋቡ ሂላ ተቃጠለ። ጭሱ ከኮኪት ይታይ ነበር። ግሩፑ ተቀወጠ። አንዱ "ከትራክተር ጭስ ማውጫ የሚወጣ ፍንጣሪ ይሆናል" ብሎ ረዘም አድርጎ አስረዳ፤ ሰው ሁሉ አመሰገነው። እኔ ቀናሁ። በእሱ ላይ ቀልድ ጻፍኩ። "ሰው እያለቀሰ አንተ ታላግጣለህ? ባዶ ጭንቅላት!" አለኝ ሌላው፤ የሳቁ ምልክት ሁሉ ለእሱ ተደረደረ። በንዴት ጨስኩ። ያን ጊዜ ነው ፎቶው ትዝ ያለኝ።

አወጣሁት። አየሁት። ከጀርባው ያለው ሰሊጥ ማንም ቆለኛ አንዴ ቢያየው "ይሄማ ከአጨዳ በፊት የተነሳ ነው" ይላል። ስለዚህ በጣቴ ቆረጥኩት። እኔ ነኝ የቆረጥኩት። የቀረው ሰውዬውና ችቦው ብቻ ነው። ሥሩ ላይ "የጋሽ ጥጋቡ እርሻ። ይህን ሰው የሚያውቅ አለ?" ብዬ ጻፍኩ። ጥያቄ ነው እኮ! ጥያቄ ሰው ይገድላል? ይገድላል። ስሙን የጻፈው ሌላ ነው። ያለበትን ቦታ የጻፈው ሌላ ነው። "ሳያመልጥ!" ያለውም ሌላ ነው። አረንጓዴውን የቆረጥኩት ግን እኔ ነኝ።

ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ። ላስጥለው ነበር የሄድኩት? ለዓመታት ለራሴ እንደዚያ ስነግረው ኖሬያለሁ። ውሸት ነው። የጻፍኩት ነገር ምን እንደሚሠራ ለማየት ነው የሄድኩት።

ፎቶውን አይተው ዱላ ይዘው የወጡ ሰዎች የጭነት መኪኖች የሚቆሙበት ቦታ፣ ምሳውን እየበላ አገኙት። ጉርሻው ከአፉ ሳይወርድ በእግሩ ጎተቱት። የመጀመሪያው ዱላ ትከሻው ላይ አረፈ፣ ሁለተኛው ጆሮው ላይ። ጆሮው ተተርትሮ ተንጠለጠለ። አንዱ በአካፋ እጀታ ጉልበቱን ሲለው አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። በድንጋይ መቱት፣ በጫማ ረገጡት። "በማርያም! እሳት አልያዝኩም! በማርያም!" ይላል። ለመነሳት በእጁ መሬት ሲይዝ እጁን ረገጡት። አቧራውና ደሙ ፊቱ ላይ ጭቃ ሆነ። ከዚያ ጭቃ ውስጥ አየኝ።

"ወንድምዓለም! አንተ ታውቃለህ! ማሩን አብረን በላን! ንገራቸው እንጂ!"

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አጠገቤ የቆመው ሰው ዱላውን እንደያዘ "ታውቀዋለህ እንዴ?" አለኝ።

አንድ ቃል በቂ ነበር። "ፎቶው የክረምት ነው" ማለት ምን ያህል ይከብዳል? ዱላውን ከሰውዬው እጅ ነጠቅኩና አላምረውን አፉ ላይ መታሁት። ጀርባውን አይደለም፣ እግሩን አይደለም፤ አፉን። ሌላው በንዴት ነው የመታው፤ ሂላ የሚያቃጥል ሰው የያዘ መስሎት ነው። ንጹሕ መሆኑን እያወቅኩ የመታሁት እኔ ብቻ ነኝ። እንዳይናገር መታሁት። ጥርሱ ሲረግፍ ዱላው በእጄ ላይ ነዘረኝ። ከዚያ በኋላ አልተናገረም። ሆስፒታል ሳይደርስ መንገድ ላይ ሞተ።

በማግስቱ የጋሽ ጥጋቡ ትራክተር ነጂ እያለቀሰ መጥቶ ፍንጣሪው ከእሱ ትራክተር መውጣቱን ተናገረ። ጋሽ ጥጋቡ ከተማ መሀል ቆመው ራሳቸውን ይዘው ጮኹ፤ "የተቃጠለው የእኔ ሰሊጥ! ማን ሰው ግደሉልኝ አላችሁ? እኔን ነው የገደላችሁኝ!" አሉ። ግሩፑ ተዘጋ፣ እኔም ፎቶውን አጠፋሁ። ፖሊስ ሲጠይቅ ሁሉም "ግርግር ነበር፣ አላየሁም" አለ። እኔም አላየሁም አልኩ። ብዙ ሳይቆይ ሌላ ግሩፕ ተከፈተና አንዱ ስለ ስልክ ባትሪ ጠየቀ። መለስኩለት። ቀለድኩም። ሳቁልኝ።

የአላምረው ስልክ ለካ እኔው ሱቅ ቻርጅ ላይ ነበር። ያን ቀን ጠዋት አምጥቶ ሰክቶት ሄዷል። ያንኑ ዕለት ወደ ሱቄ ስመለስ ይጠራል። ዘጋሁት፤ እንደገና ጠራ። ባትሪውን አወጣሁት።

ሚስቱ ከወንድሟ ጋር የመጣችው ከቀብሩ በኋላ ነው። ጥቁር ለብሳ፣ ፊቷን ነጭታ፣ ባሏ ስልክ ቻርጅ የሚያደርግበትን ሱቅ አጠያይቃ። ስልኩን ባትሪውን ሞልቼ ሰጠኋት። በሁለት እጇ ተቀበለችኝ።

"ሌላ ሰው ቢሆን ሸጦት ነበር" አለችኝ። "ደግ ሰው ነህ ወንድምዓለም። ክፉ አይንካህ።"

"አሜን" አልኩ።

ስልኩን ደረቷ ላይ ይዛ፣ "ሲሞት አጠገቡ የነበረ ሰው ታውቃለህ? ምን ብሎ ይሆን?" አለችኝ።

"እኔ እንጃ እህቴ" አልኳት። "ሥራ ላይ ነበርኩ።"

የመጨረሻ ቃሉን የተናገረው ለእኔ ነው። ሚስቱን ነፈግኳት።

ወጣት ነበርኩ አልልም፤ ግርግር ነው አልልም፤ ሰይጣን አሳሳተኝም አልልም። ሰይጣን ጣት የለውም፣ ፎቶ አይቆርጥም። እናንተንም ይቅር በሉኝ ብዬ አላስቸግራችሁም፤ ምን አድርጌያችሁ? ይቅር ልትለኝ የምትችለው እሷ ብቻ ናት። እሷ ደግሞ እስከ ዛሬ ደግ ሰው ብላ ነው የምታውቀኝ።