የግራው አግዳሚ ወንበር

አሮጌ አግዳሚ ወንበር ሲጥ ሲል በሰማሁ ቁጥር፣ ዛሬም ጀርባዬን ይበርደኛል።

ተማሪ ሳለሁ አክስቴ ላቲን ታስተምረን ነበር። ተማሪው ከኋላዋ «እትዬ ቦኑስ» ይላታል፤ ቦኑስ «ደግ» ማለት ነውና፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ትምህርቷን በዚሁ ቃል ትጀምር ነበር።

«ቅጽል እንደ ሚዜ ነው፤ ስሙ የሄደበት ይሄዳል። ሥሩ ቦን ነው፣ መድረሻው ግን እንደ ስሙ ይለዋወጣል» ትለናለች።

አመላለሳችን የራሷ ፈጠራ ነበር። የተባዕቱን ራሷ ትጠራለች፤ የአንስቱን የቀኝ አግዳሚ፣ ከሁለቱም ያልሆነውን የግራ አግዳሚ ይመልሳል። ቦኑስ፣ ቦና፣ ቦኑም። እንዲህ እያልን ከባለቤት ወደ ዘርፍ፣ ከነጠላ ወደ ብዙ እንወርዳለን።

እያደር ላቲን ፈላጊ አጣ። በቀኝ እኔ፣ በግራ «ሹክሹክታ» የምንላት ልጅ ብቻ ቀረን። ድምፅዋ አልወጣ ስላለ ነው እንዲያ ያልናት። ሳል ጸንቶባት ሞተች። እትዬ ግን ስሟን ከመዝገቡ አልሰረዘችም። ጠዋት ጠዋት ትጠራትና ጥቂት ጠብቃ፣ «አለች» ብላ ምልክት ታደርጋለች።

«እትዬ፣ ሞታለች እኮ!»

«ዝም በይ አንቺ! ተማሪ ከሁለት ካነሰ ክፍሉን ይዘጉታል። እኔ ከዚህ ወጥቼ የት ልግባ?»

አንድ ረፋድ ርዕሰ መምህሩ መጥተው መዝገቡን ገለጡ። እሳቸውም የድሮ ተማሪዋ ናቸው።

«ሁለተኛዋ የታለች?»

«ትንሽ አሟት ነው።»

«ወር ሙሉ ‹አለች› ብለው? ያስተማሩትን ሰው ደግሞ ሊያሞኙ፣ እትዬ! የሁለት ተማሪ ድምፅ በጆሮዬ ካልሰማሁ እዘጋዋለሁ።»

እትዬ ወደ ሰሌዳው ዞረች።

«ቦኑስ።»

«ቦና» አልኩ።

ባዶው አግዳሚ ሰው እንደተቀመጠበት ሁሉ ሲጥ አለ።

«ቦኑም» አለ አንድ የታፈነ ድምፅ፣ ከግራ። ወዲያው ሳል አቋረጠው፤ ያው የማውቀው ደረቅ ሳል።

ርዕሰ መምህሩ ወደ ግራ ዞሩ። በመስኮቱ ብርሃን ከሚንሳፈፍ የጠመኔ ብናኝ በቀር ምንም የለም። ከንፈራቸው አመድ መሰለ።

«ሁ... ሁለት ናቸው» ብለው መዝገቡ ላይ ፈረሙ።

ክፍሉ ዳነ። እትዬ ግን አግዳሚውን እያየች ቆመች።

«አሁንም ያስላታል» አለች ቀስ ብላ። «በየጠዋቱ እየጠራሁ ዕረፍት የነሳኋት እኔው ነኝ።»

እስክሪብቶውን ከርዕሰ መምህሩ እጅ ወስዳ፣ የሹክሹክታን ስም በአንድ መስመር ሰረዘች።

«በቃሽ ልጄ፤ ሂጂ፣ ዕረፊ።»

አግዳሚው ሰው ሲነሳለት እንደሚለው፣ ዳግመኛ ሲጥ አለ።

እትዬ ጠመኔዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ሠላሳ ዓመት የቆመችበትን ሰሌዳ ዞራ ሳታይ፣ እኔንም ደህና ሁኚ ሳትለኝ ወጣች።