የሰባተኛው ረድፍ ቋሚ

ከከሚሴ የወጣሁት ሱብሒ ሰግደን እንደጨረስን ነው። ሚኒባሱ አስፋልቱ ዳር ሞተሩን አስነስቶ፣ ረዳቱ «አዲስ አበባ አንድ ሰው! አዲስ አበባ አንድ ሰው!» እያለ ይጣራል። ያ አንድ ሰው እኔ ነበርኩ። ባለቤቴ ዘይነባ ትንሿን አዝላ፣ ትልቁን በእጇ ይዛ ቆማለች። ሻንጣዬ ውስጥ የገብስ ጭኮ ጠቅጥቃልኛለች፣ ቅቤው ገና ከአሁኑ ልብሴን ነክቶታል።

«ሰይድ፣» አለችኝ፣ «አደራህን፣ እዚያም ሄደህ ሰው የጠየቀህን ሁሉ እሺ አትበል።»

«እሺ» አልኳት። ሳቀች፣ ወዲያው ደግሞ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነችው። «ነጋን ገሊ» አለች፤ በሰላም ግባ ማለቷ ነው። እኛ ቤት ጠብ በአማርኛ፣ ምርቃት በኦሮምኛ ነው።

በያጅ ነበርኩ። ከሚሴ ውስጥ ስንቱ የብረት በር፣ ስንቱ የመስኮት ፍርግርግ በእጄ የተሠራ ነው። ግን መብራት አንድ ቀን መጥቶ ሦስት ቀን በሚጠፋበት፣ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ላሜራ በማይገባበት ከተማ በያጅ ምን ይሠራል? ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ የሚያልፍ ባጃጅ ይቆጥራል። ስቆጥር ከረምኩና ወጣሁ።

ጅዳ አውሮፕላን ማረፊያ የጣት አሻራ ስሰጥ መሣሪያው እምቢ አለ። ሃያ ዓመት ሙሉ የብየዳ ፍንጣሪ የበላው ጣት ነው፣ ምን መስመር ይተርፈዋል? መኮንኑ ጣቴን በሶፍት ጠርጎ እንደገና አስጫነኝ።

«ጣትህ የታለ?» አለኝ።

«ይኸው፣ አሥሩም።»

«መሣሪያው የለም ይላል። ሂድ ታጠብ።»

ሄጄ ታጥቤ መጣሁ። «አሁንስ?»

«አሁንም የለህም።»

በስንት መከራ በግራ እጄ ትንሿ ጣት ላይ ተገኘሁ። መውጫው ሲጠፋኝ ደግሞ ጥበቃውን ከመድረሳ በተማርኩት የኪታብ ዓረብኛ «አይነ ሲራጥ?» ብዬ ጠየቅኩት፤ መንገዱ የት ነው ማለቴ ነበር። ሰውየው ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ሲራጥማ የቂያማ ቀን የሚሻገሩት ድልድይ ነው ወንድሜ። የዛሬው መውጫ በግራ በኩል ነው።»

የተቀጠርኩበት የመጋዘን ሥራ እኛ ዘንድ ስም ስለሌለው ላስረዳችሁ። የጎረቤታችንን የጨፋ ሮቢትን እህል ተራ አስቡት፣ ኩንታል በኩንታል ላይ ተከምሮ። ያን ሁሉ እህል አሁን እስከ ጣሪያ በሚደርስ የብረት መደርደሪያ ላይ ስቀሉት። ዕቃው ፓሌት በሚሉት የእንጨት ርብራብ ላይ ይደረደራል፤ ፎርክሊፍት የሚሉት መኪና ሁለት የብረት ክንዶቹን ከሥሩ አስገብቶ አንስቶ ይሰቅለዋል። መደርደሪያው ቋሚና አግዳሚ ነው። ቋሚው ከላይ እስከ ታች ቀዳዳ ቀዳዳ አለው፣ አግዳሚው ጥርሱን እዚያ ውስጥ ነክሶ ጭነቱን ይሸከማል። የእኛ ሥራ የተመታውን ቋሚ መቀየር፣ የላላውን ቡሎን ማጥበቅ፣ ዕቃ ሲበዛ ደግሞ መደርደሪያውን ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ መቀጠል ነው።

ያስተማረኝ አንድ ሽማግሌ ፓኪስታናዊ ነው፣ ሁላችንም ቻቻ እንለዋለን፣ አጎቴ እንደማለት። መጀመሪያ ቀን እንደ ከሚሴ ልማዴ የጎበጠ ቋሚ በእሳት አሙቄ በመዶሻ ላቃና ስል እጄን ያዘኝ።

«ይሄ በር አይደለም» አለኝ። «በር ቢጎብጥ ሌባ ይገባል። ይሄ ቢጎብጥ ሰው ይሞታል።»

ቀጭን ብረት ነው፣ ጉልበቱ ያለው አሠራሩ ላይ ነው፤ አንዴ ከታጠፈና እሳት ከነካው ለዓይን ቀጥ ይላል እንጂ አቅሙ አይመለስም። ስለዚህ ቋሚ ሲመታ ቀይ ምልክት ይሰቀልበታል፣ ረድፉ ይራገፋል፣ ቋሚው ይቀየራል። ሌላ መንገድ የለውም። ቻቻ ይህን አስተምሮኝ፣ ጡረታው ደርሶ አገሩ ገባ። የቋሚ ቀጥታ የሚለካበትን ቱንቢውንም ለእኔ ተወልኝ።

የምንኖረው ስምንት ሆነን በአንድ ክፍል ነው። የጨፋ ሙቀት ቀን ቢያቃጥልም ሲመሽ ቦርከና ወንዝ ዳር ነፋስ ይለቅልሃል። የጅዳው ግን እንደ እርጥብ ጋቢ ሰውነትህ ላይ ተጣብቆ ይውላል፣ ተጣብቆ ያድራል። አንድ ቀን ለካምፑ ኃላፊ «ኤሲው አይሠራም» ብዬ ነገርኩት።

«ይሠራል» አለ።

«ሙቅ አየር ነው እኮ የሚያወጣው።»

«አወጣ አይደለም እንዴ? ሠራ ማለት ነው።»

ሩዝ ጠዋት፣ ሩዝ ማታ። ይነፋኛል እንጂ ጠግቤ አላውቅም። የማሽላ እንጀራ በወተት አስባለሁ፣ አስብና ደግሞ ሩዜን እበላለሁ።

በሁለተኛው ዓመቴ ቶፊቅ መጣ። የጨፋ ሮቢት ልጅ ነው፣ ከሚሴ ባጃጅ ሲነዳ በዓይን አውቀዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ከመጋዘኑ ጫፍ፣ እንዴት አደርክ ለማለት፣ «አካም ቡልቴ፣ አያ ሰይድ!» እያለ ሲጮህ፣ ወላሂ፣ ከሚሴ መናኸሪያ የቆምኩ ይመስለኝ ነበር። አጭቶ ነው የመጣው። ልጅቱ ሐያት ትባላለች፣ አባቷ ሼህ ይማም በአገሩ ቃላቸው የሚከበር ሽማግሌ ናቸው። ቶፊቅን ፎርክሊፍት ላይ መደቡት። ባጃጅ በፊት ጎማው ነው የሚዞረው፣ ፎርክሊፍት ግን በኋላው፤ አፍንጫውን ወደ ግራ ስታዞር ጭራው ወደ ቀኝ ይወረወራል። ቶፊቅ ይህን እየረሳ ሁለት ጊዜ ቋሚ መታ፣ ሁለት ጊዜም ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት። ሦስተኛው ወደ አገር መላክ ነው።

ሦስተኛው የመጣው ረመዳን ሊገባ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው ነው። ሩዙ፣ ቴምሩ፣ ጭማቂው በኮንቴይነር በኮንቴይነር ይገባል፣ ቦታ የለም። በዝሑር ሰዓት ሠራተኛው ወደ መስገጃው ሲሄድ ቶፊቅ እጄን ይዞ ወደ ሰባተኛው ረድፍ ወሰደኝ። ቋሚው ከጉልበት በታች ጡጫ የሚያህል ወደ ውስጥ ገብቷል።

«ማን አየ?» አልኩት።

«አንተና አላህ።»

«ቶፊቅ፣ ቀይ ምልክት መስቀል አለብኝ። ሥራዬ ነው።»

«ስቀል። ስቀልና ነገ ቦሌ አግኙኝ።» የጎበጠውን በመዳፉ ሸፈነው። «አያ ሰይድ፣ ሼህ ይማምን ምን ብዬ ነው የማያቸው? ዓመት እንኳ ሳይሞላኝ ተባርሬ መጣሁ ልበል?»

ዞር ብዬ መስገጃውን አየሁ። ከዚያ ብየዳውን አመጣሁ። ሌላው ሲሰግድ እኔ ከቋሚው ሥር ተንበርክኬ አሙቄ ቀጠቀጥኩት፣ ከላዩ ላሜራ በየድኩበት፣ ቀለም ቀባሁት። የቻቻን ቱንቢ አወረድኩ። ከጣት ውፍረት ያነሰ ልዩነት ነው። አስቀድሞ የታዘዘ አዲስ ቋሚ በሳምንት ውስጥ ይመጣል፣ ያኔ በጸጥታ እቀይረዋለሁ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ቶፊቅ ግንባሬን ሳመኝ።

ቋሚው ሳይመጣ የመጋዘኑ ኢንጂነር መጣ፣ ወረቀት ይዞ። ቦታ ስለጠበበ ከአምስተኛው እስከ ስምንተኛው ረድፍ ድረስ አንድ አንድ ደርብ እንድንጨምር ታዟል።

«ሰባተኛው ይቆይ» አልኩ፣ ሳላስበው።

«ለምን?»

አሁን ልንገራችሁ፣ የዚህ ሁሉ ነገር ልቡ እዚህ ጋ ነው። ኢንጂነሩ ክፉ ሰው አይደለም። ቀና ብሎ ዓይኔን አየኝ፣ እስክመልስለትም ጠበቀኝ። «ቋሚው ላይ ያየኸው ነገር አለ?»

«ምንም የለም» አልኩ። «ደክሞኝ ነው።»

በገዛ እጄ አግዳሚዎቹን ሰቀልኩ። ሥሩ መታመሙን እያወቅኩ አናቱ ላይ ጨመርኩበት።

አሥር ቀን ያህል ቆመ፤ አዲሱ ቋሚ ግን አልመጣም። አሥር ቀን ሙሉ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ዓይኔ ቀለሙ ላይ ነው። በመጨረሻው ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ ሦስተኛው ረድፍ ቡሎን ሳጠብቅ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት። ከዚያ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ሰባተኛው ረድፍ እንደ መጋረጃ ወርዷል። አቧራው ውስጥ የሩዝ ጆንያ፣ የተጠማዘዘ ብረት፣ የሚፈስ ጭማቂ። ከሥሩ ፎርክሊፍቱ አለ። ቶፊቅ ያን ጊዜ ማንንም፣ ምንንም አልመታም፤ ጭነት ላይኛው ደርብ ላይ አስቀምጦ ክንዱን እያወረደ ነበር።

በእጃችን ነው የቆፈርነው። የሾፌሩ መከለያ ብረት ጭንቅላቱን አተረፈለት፣ ቀኝ እግሩን ግን አላተረፈውም። ስደርስበት ዓይኑ ተከፍቷል። «አያ ሰይድ፣» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ሌላ ሰው የለም ከሥር፣ አይዞህ።» እሱ ነው እኔን አይዞህ ያለኝ።

የተጠማዘዘው ብረት በማግስቱ በመኪና ተጭኖ ሄደ፣ የእኔም ብየዳ አብሮ ሄደ። አንድ መርማሪ መጥቶ በተራ በተራ ጠየቀን።

«የመደርደሪያው ሠራተኛ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ሾፌሩ ቋሚውን ሲመታ አይተሃል?»

«አላየሁም።»

እውነት ነው፣ አላየሁም። ከዚህ የከፋ እውነት ተናግሬ አላውቅም። መርማሪው ከዚህ በፊት ቶፊቅ ላይ የተጻፉትን ሁለቱን ጥፋቶች አገላበጠ፣ ከዚያ «በሾፌሩ ቸልተኝነት» ብሎ ጻፈ።

ሆስፒታል ሄጄ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። እግሩን ከጉልበት በታች ቆርጠውታል። «ለምን አልነገርካቸውም?» አልኩት።

«ምን ብዬ?»

«ሰይድ በየደው፣ ሰይድ ቀባው ብለህ።»

«ለምኜህ አይደል የበየድከው? እኔ መሄዴ አይቀርም። አንተ ሁለት ልጅ አለህ።» ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «አንድ ሰው ይበቃል።»

ላኩት። እኔን ደግሞ፣ ስሙ እንግዲህ፣ ሾሙኝ። ከአደጋው በኋላ መደርደሪያ በየሳምንቱ የሚመረምር ሰው ይመደብ ተባለ፣ ልምድ ያለው እኔ ሆንኩ። ቢጫ ሰደርያ ለብሼ፣ ቱንቢ ይዤ ከረድፍ ረድፍ እዞራለሁ። አሁን ትንሽ ጭረት ካየሁ ቀይ ምልክት እሰቅላለሁ። ልጆቹ «ቀዩ ሰይድ» ይሉኛል።

ባለፈው ዘይነባ ደወለች። ቶፊቅ ከጨፋ ሮቢት በምርኩዝ መጥቶ ቤት ገብቶ ነበር፣ ለልጆቹ ጥንቅሽ አምጥቶ።

«ምን አለ?» አልኳት።

«አንተን ሲያመሰግን ነው የዋለው። ወንድም ሆኖኝ ነበር አለ።» ልጆቹን ውጡ አለቻቸው። «ሼህ ይማም እኮ ልጃቸውን ከለከሉት። በእግሩ አይደለም አሉ፣ እግር የአላህ ነው። የሰው ንብረት በቸልታ ያፈረሰ፣ የሰው ነፍስ ሊያጠፋ የነበረ፣ ወረቀት የተጻፈበት ሰው ልጄን አልሰጥም ነው ያሉት። አንተ ነበርክ እዚያ፣ ሰይድ። የእሱ ጥፋት ነው?»

ነገርኳት። አንድ ሳላስቀር። «ለእኔ ብትነግረኝ ምን ይጠቅመዋል?» አለች ስጨርስ። «የሼሁን ስልክ ልላክልህ።»

ሼህ ይማምን በጁምዓ ቀን ደወልኩላቸው። እንደ አገራችን ወግ ሰላምታው አላልቅ አለ፤ ጤናህ እንዴት ነው፣ ሥራው፣ ሐሩሩ፣ ልጆቹ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ማሽላው ዘንድሮ ደህና ነው፣ ከብቱም ደህና ነው። ከዚያ «እንግዲህ ልጄ፣ ምን ልትለኝ ደወልክ?» አሉኝ።

«ስለ ቶፊቅ ነው፣ አባባ።»

ሳያቋርጡኝ ሰሙኝ። ቋሚውን፣ ላሜራውን፣ ቀለሙን፣ «ምንም የለም» ያልኩትን። ስጨርስ ከጀርባቸው በሬ ሲያገሣ ሰማሁ።

«ይህን እዚያ ለጻፉበት ሰዎች ነግረሃቸዋል?»

«አልነገርኳቸውም፣ አባባ። ከነገርኩ እኔም...»

«ገባኝ» አሉ። ድምፃቸው ቁጣ የለውም፣ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ወረቀቱ የተጻፈው እዚያ ነው። ለእኔ የነገርከኝ ግማሹን ነው፣ ልጄ። ሐያት እኔን ነው የምትሰማው፣ አገሩ ግን ወረቀቱን ነው የሚሰማው። ሌላውን ግማሽ ስትጨርስ ደውልልኝ። በሰላም ዋል።»

ይህን ስጽፍላችሁ ሦስት ጁምዓ አልፏል። ኢንጂነሩን በየቀኑ አገኘዋለሁ። ቆም ብሎ «ሰይድ፣ ሁሉም ደህና ነው?» ይለኛል። «ደህና ነው» እለዋለሁ፣ እሱም ወደ ቢሮው ይገባል።