የልቅሶ ጅረት

ዶሊና በስኮትላንድ፣ በሉዊስ ደሴት፣ በምዕራቡ ዳርቻ ባለች መንደር ትምህርት ቤት ሠላሳ ዓመት ምግብ አብስላለች። ተማሪ ጠፍቶ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ እጇን አጣጥፋ መቀመጥ አልሆነላትም። ደብተር ገዛችና የሐይቆቹንና የጅረቶቹን በአገሬው ቋንቋ በጌሊክ ያላቸውን ስም ከነትርጉሙ መመዝገብ ጀመረች። ስሞቹን የሚያውቁት በግ ሲጠብቁ ያረጁ ሰዎች ነበሩ፤ እነሱም አልቀው የቀሩት የእናቷ የአክስት ልጅ ቶርኩል ብቻ ናቸው። ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ሳንባቸው ደክሞ ከምድጃው ዳር አይነሡም።

ዶሊና ማክሰኞ ማክሰኞ እየሄደች ካርታውን ጉልበታቸው ላይ ትዘረጋለች።

"ይሄ 'የጀልባ ሐይቅ' ይላል፣ አጎቴ።"

"እዚያ ተራራ ላይ ጀልባ ማን ተሸክሞ ያወጣል? 'ሎህ አ ቫሂ' ነው፣ የመስጠም ሐይቅ። የረጋው በረዶ ከሥራቸው ተሰብሮ ሦስት ሰዎች ቀርተውበታል። ካርታ ሠሪው 'ቫሂ' ሲሉት 'ቫታ'፣ ጀልባ፣ ብሎ ጻፈ። ጆሮውን ጥጥ ወትፎበት ነበር መሰለኝ።"

በአንድ ክረምት መቶ አርባ ስም ሰበሰቡ። ከቤታቸው ጀርባ የምትወርደው ጅረት ግን ካርታውም ላይ ስም አልነበራትም።

"ይቺስ?"

"ስም የላትም።"

"እያንዳንዱ ኩሬ ስም ሲኖረው ይቺ ብቻ ተረሳች?"

"የላትም አልኩሽ። ሻይሽን ጠጪ።"

ከዚያ በኋላ አላነሣችባቸውም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ራሳቸው እሳቱን እያዩ፣ "አልት አ ኾኒ" አሉ። የልቅሶ ጅረት።

"ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እናቴ ደርቆ ለማገዶ የሚሆነውን የረግረግ አፈር ልትቆርጥ ስትወጣ 'ፔጊን ጠብቃት' አለችኝ። ፔጊ አራት ዓመቷ ነበር። እኔ ጅረቷ ውስጥ ድንጋይ ሥር ዓሣ አየሁ። ያዝኩት። ዞር ስል እህቴ የለችም።"

ትንፋሽ አጥሯቸው ሳል አቋረጣቸው። ዶሊና ውሃ አቀበለቻቸው።

"እናቴ አልመታችኝም፣ አልተቆጣችኝም። ግን እስክትሞት ድረስ ሲመሻሽ ወደ ጅረቷ እየወረደች ታለቅስ ነበር። ስሙን ያወጣው ጎረቤት ነው። እኛ ፊት ማንም አልጠራውም። እኔ ሃያ ዓመቴ ላይ በግ ስንሸልት ሰማሁት፤ ሁለት ሰዎች ከአጥሩ ወዲያ መኖሬን ሳያውቁ ሲያወሩ።"

"ስሙን ብቻ ልጻፈው፣ አጎቴ?"

"ሁሉንም ጻፊ። ማን ይጠብቃት እንደነበርም ጻፊ። እኔ ስሞት ፔጊ የምትባል ልጅ እንደነበረች የሚያውቅ አይኖርም።"

ቶርኩል በየካቲት አረፉ። ዝናቡ አላቋረጠም ነበር፤ የመንደሩ ወንዶች ሬሳቸውን ትከሻ ለትከሻ እየተቀባበሉ ወሰዱት።

ከአራት ወር በኋላ ደብተሯ በመንደሩ የታሪክ ማኅበር በኩል መጽሐፍ ሆኖ ታትሞ መጣ። ዶሊና ገጹን ፈልጋ አነበበች፦ "የልቅሶ ጅረት። ምክንያቱ አይታወቅም።"

የማኅበሩን ሰብሳቢ ሙርዶን በመንደሩ አዳራሽ አገኘችው።

"ምን ነካህ? አይታወቅም?"

"ዶሊና፣ ዘመዶቻቸው አሉ። ሰው ከሞተ መንፈቅ ሳይሞላው እንዲህ ያለ ነገር አይወጣበትም።"

"ዘመዳቸው እኔ ነኝ። ጻፊ ያሉኝም እሳቸው ናቸው።"

"እንግዲህ ታትሟል።"

ጠረጴዛው ላይ ስልሳ መጽሐፍ ተደርድሯል። ዶሊና ካፖርቷን ሳታወልቅ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ የመጀመሪያውን ገልጣ 'ምክንያቱ አይታወቅም' የሚለውን ሰረዘችና በጠርዙ ላይ የፔጊን ስም ጻፈች፣ ከሥሩም የቶርኩልን። ሙርዶ በሩን ገጥሞባት ወጣ።