ቀኖና የተሰጠው ጅብ

ጠጋ በሉማ፤ ዶፍ በዶፍ በሆነ በአንድ ክረምት ቢቸና ቤቴ የገጠመኝን ላውጋችሁ።

የልጄ ልጅ ሰብለና ከሞጣ ለእረፍት የመጣው የአክስቷ ልጅ ይበልጣል ካርቶን ቆርጠው፣ ከብትና አውሬ ሥለውበት ካርድ ይጫወታሉ። ያሸነፈ የተሸነፈውን ካርድ ይወስዳል። ታዲያ ይበልጣል ጅብ የሚሉት ካርድ ሠራና የልጅቱን ከብት ፈጀባት። አንድ በሬ ብቻ ሲቀራት፣ "እምዬ፣ ፍረጂን። አለዚያ ሁለተኛ አብሬው አልጫወትም" አለችኝ።

እኔ ምን አውቄ? "ጅቡ አንድ ከበላ በኋላ ሦስት ዙር ይጹም" አልኩ።

"ሦስት ዙር ከጾመማ ጅብነቱ ምኑ ላይ ነው?" ብሎ ይበልጣል አኮረፈ።

በዚህ መሃል የነፍስ አባቴ ዝናቡን ሸሽተው ገቡ። ካርዱን በነጠላዬ ልሸፍን ስል ሰብለ ቀደመችኝ፤ "አባ፣ እምዬ ጅቡን ሦስት ዙር ጹም አለችው።"

አፈርኩ። ለአውሬ ጾም ማዘዜ ንስሐ የሚያስገባኝ መሰለኝ። እሳቸው ካርዱን አገላብጠው አዩና በክርስትና ስሜ ጠሩኝ።

"ወለተ ኪዳን፣ ቀኖናው በዝቶበታል። አንድ ዙር ይበቃዋል።"

ልጆቹ ሞከሩት። አንዴ እሷ፣ አንዴ እሱ እያሸነፉ ሳቃቸው ተመለሰ። ተገላገልኩ ብዬ ስነሣ አባ ጋቢያቸውን ሰብስበው ከመሃላቸው ተቀመጡና "ለእኔስ አይታደልም?" አሉ። ዝናቡ ሳያባራ ጅቡንም በሬውንም ወሰዱባቸው።

ዛሬ ሰብለ ደጀን ታስተምራለች፣ ይበልጣል ሞጣ ሱቅ ከፍቷል። አባም እርጅና ተጫጫናቸው እንጂ ደህና ናቸው፤ ካርዶቹን ግን አልመለሱም።