ንጉሡ የጭቃ ቤት ነበራቸው

ልጅ ሳለሁ፣ ያኔ ወሰን ሰፈር መብራት በጠፋ ቁጥር፣ አያቴ ኩራዙን ለኩሰው ከምድጃው ፍም አጠገብ ይቀመጡና ለእኛ ለልጅ ልጆቻቸው ያወጉን ነበር። አካኮ ነበር የምንላቸው። በወጋቸው ውስጥ ያሉት ንጉሥ የወርቅ አዳራሽ አልነበራቸውም፤ እንጦጦ ጫፍ ላይ በጭቃ በተመረገ ቤት ይኖሩ ነበር። እኔ አላምንም ነበር። አካኮ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ቤት ጭቃ ሲመርጉ የኖሩ ናቸውና፣ ንጉሡን ወደ ራሳቸው ሙያ የሳቡ መስሎኝ። ሙያቸው ስለሚያሳፍረኝም ለክፍሌ ልጆች «አያቴ መሐንዲስ ናቸው» ብዬ ዋሽቼ ነበር።

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ ትምህርት ቤታችን እንጦጦን ሊያስጎበኘን ተነሣና አብረውን የሚሄዱ ወላጆች ተፈለጉ። አካኮ ካፖርታቸውን ደርበው መጡ። አውቶቡስ ውስጥ ከእሳቸው ርቄ ተቀመጥኩ።

ከማርያም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ያለው ግቢ ውስጥ ስንገባ ግን አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ያ ነጭ የተቀባ፣ ግድግዳው ወፍራም፣ ከተማውን ቁልቁል የሚያይ ግርማ ያለው ቤት እውነትም ጭቃ ነበር!

«ዝናብ እንዴት አላፈረሰውም?» ስትል ጓደኛዬ ሰናይት ጠየቀች። ወጣቱ አስጎብኚ ተንተባተበ።

«ልጄ፣ እኔ ልንገራቸው?» አሉ አካኮ ከኋላ።

«ይንገሯቸው፣ አባባ።»

ቀለሙ ወደተላጠበት ተጠግተው፣ ሳይነኩት በጣታቸው አመለከቱ። «ጭዱ ይታያችኋል? ጭቃው ከጭድ ጋር እየተረገጠ ቀናት ይቦካል። የቸኮሉበት ጭቃ ይሰነጠቃል። ጣሪያውንም እዩት፤ ወጣ ያለው ዝናቡን ከግድግዳው እንዲያርቅ ነው። ከዚያ በየክረምቱ ማግስት የተጎዳውን መጠገን ነው። የሚጠብቀው ሰው ካለ፣ ጭቃ የልጅ ልጅ ያያል።»

ያ ሁሉ ረባሽ ልጅ ጸጥ ብሎ ሰማቸው። ሰናይት ወደ እኔ ዞረች።

«መሐንዲሱ አያትሽ እኚህ ናቸው?»

አካኮ ሰምተው ቀና አሉ። አዎ ብዬ ማለፍ እችል ነበር።

«መሐንዲስ አይደሉም» አልኩ ፊቴ እየጋለ፤ «ጭቃ መራጊ ናቸው።» ሄጄም አጠገባቸው ቆምኩ። ሻካራ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው ስለ ግድግዳው ማስረዳታቸውን ቀጠሉ።

ዛሬ ከወጋቸው ብዙው ጠፍቶብኛል። ከልጆቹ መሀል ወጥቼ እሳቸው ዘንድ የደረስኩባት መንገድ ግን አልጠፋችኝም። አሥር እርምጃ አትሞላም፤ እንደ እሷ የራቀኝ መንገድ ግን የለም።