ዶክተር ሰሚራ ያላነበቡትን አታስፈርምም ነበር

ውሸት ነው። ዛሬ ጠዋት መልእክቱ ስልኬ ላይ ሲገባ፣ ማንበብ ከጀመርኩ ገና ጥቂት ወራት ነውና ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ፊደል በፊደል ሦስቴ ደገምኩት። ጎረቤቴን አስነበብኩት። ያው ነው። ዶክተር ሰሚራ አርፋለች።

ለማታውቋት፦ የድሬ ልጅ ናት። አንቱ ስላት «አቦ አታስረጀኝ!» ያለችኝ። እዚህ ጅቡቲ የሳንባ ነቀርሳን ከሚያጠኑት ጋር ትሠራ ነበር። አንድ ክፍል ውስጥ አብረው እያደሩ አንዱ ታሞ ሌላው ለምን ይተርፋል? ጥያቄዋ ይሄ ነበር።

ሌላው እኔ ነኝ። ሃያብለ ሰፈር አብሮኝ የሚኖረው ደረጀ ታሞ ወራት መድኃኒት ሲውጥ እኔን ጉንፋን እንኳ አልደፈረኝም። ፔካ 12፣ የከባድ መኪኖቹ ማቆሚያ፣ ጭነት የምናወርደውን ሁሉ «የኔን ደም ቢያጠኑ ዓለም ይድናል» ብዬ አሰልችቼ፣ ራሴው ሄድኩላት።

የስምምነት ወረቀት ሰጠችኝ። ወዲያው አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ ዘረጋሁ።

«ምን እንደሚል ታውቃለህ?»

«እኔ የማላውቀው ምን አለ?»

«አቦ ጣትህን ሰብስብ! አነብልሃለሁ፣ መልሰህ ትነግረኛለህ። ካልነገርከኝ ደምህን አልነካም።»

አነበበችልኝ። የያዝኩት መርፌውንና በኋላ የሚሰጠውን ብስኩት ብቻ ነበር። ደገመችው። መኪና እየጠበቀኝ ነው ብላት ወይ ፍንክች! በሦስተኛው «በፈለግኩ ቀን ትቼ መሄድ እችላለሁ» ስላት ነው መርፌዋን ያነሳችው።

ውጤቱ ሲመጣ «ተህዋሱ አንተም ውስጥ አለ፣ የሰውነትህ ዘበኞች አስረው ይዘውት ነው» አለችኝ። ደረቴን ነፋሁ። «አትጎርር፣ ዘበኛም ይደክመዋል» ብላ መከላከያውን ክኒን አስጀመረችኝ። ይህችን አባባል ለሁሉም ነው የምትለው።

ከዚያ በኋላ ነው ካርቲየ 4 ሰፈር የማታ ትምህርት የገባሁት። የክፍሉ ጎበዝ እኔ ነኝ፤ ሌሎቹ ባይስማሙም።

ለክትትሉ ስመለስ ወረቀቱን ከእጇ ነጠቅኩ። «ዛሬ ራሴ!» ከስታለች፣ ሻርፗ ሰፍቷታል። ምን ሆነሽ ነው ብላት «የደም ካንሰር ነው። የኔዎቹ ዘበኞች አብደው ቤቱን ያዙት» ብላ ሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝ። «የኔን ደም ውሰጂው፣ ጎበዝ ደም ነው» አልኳት።

«አንብብ» አለችኝ።

አነበብኩ። በየቃሉ ተሰናከልኩ፣ ላብ አጠመቀኝ። ቆማ መጠበቅ እያቃታት ወንበር ሳበች እንጂ አንድ ቃል እንኳ አልጨረሰችልኝም። ስፈርም «ከእንግዲህ ለሚመጡት አንተ ታነብላቸዋለህ» አለችኝ።

ሰሚራ፣ ቅዳሜ አዲስ ሰዎች ይመጣሉ ተብሏል። የማነብላቸው እኔ ነኝ። ለሰው ሁሉ ቀላል ነው እያልኩ ነው፤ ላንቺ ግን ልንገርሽ፣ ፈርቻለሁ።

የጅቡቲ አፈር ደረቅና ጨዋማ ነው፣ ላንቺ ይለስልስልሽ። አላህ ደጁን ከፍቶ ይቀበልሽ። ደህና ሁኚ እህቴ።