መልካሙን በኳስ ጌም አስቀየምኩት

ዛሬ ንፋስ መውጫ ጌም ቤት ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አንተ ድሮም ኳስ አይገባህም» ብዬ የልጅነት ጓደኛዬን አዋረድኩት።

በየዓመቱ አዲስ የሚወጣውን የኳስ ጌም ከመልካሙ ጋር ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ ተጫውተናል። አሁን እኔ እዚሁ አስተማሪ ነኝ። እሱ ወገዳ ነርስ ሆኖ ተመድቧል፤ በወር አንዴ ይመጣል።

ዛሬ የጌም ቤቱ ባለቤት «የማሽኑ ሜሞሪ ሞልቷል። አሮጌው ጌም ይቆይ ወይስ ጠፍቶ አዲሱ ይጫን? እናንተው በድምፅ ወስኑ» አለን፣ ቤቱ ውስጥ ለነበርነው ሁሉ።

እኔ ብድግ አልኩ። አዲሱ ተበላሽቷል፤ በረኛው እንደ ዘበኛ ቆሞ ያያል፤ ከዓመት ዓመት የሚቀየረው ማሊያው ብቻ ነው አልኩ። (ክፍል ውስጥ እንኳ እንዲህ አምርሬ አስተምሬ አላውቅም።)

መልካሙ ሳቀ። «ጌሙ አልተበላሸም፤ አንተ ነህ የደከምከው። አዲሱ ይጫን» አለ። ቤቱ በሙሉ ሲስቅብኝ ነው ያ ቃል ያመለጠኝ።

እሱ አልጮኸም። ጆይስቲኩን አስቀመጠና «ያንን ሁሉ ኮረኮንች አቋርጬ የምመጣው ለጌም መስሎህ ነው? ካንተ ጋር ለመቀመጥ ነበር» አለኝ። ጃኬቱን አንስቶ ወደ መናኸሪያ ሄደ። ደጋግሜ ደወልኩ፤ አያነሳም።

ድምፅ ሲቆጠር የእኔ ወገን አሸነፈ፤ አሮጌው ጌም ቀረልኝ። ብቻዬን ቁጭ ብዬ ከማሽኑ ጋር ተጫወትኩና አምስት ለባዶ አሸነፍኩ። ምንም ደስ አላለኝም።

በማይረባ ክርክር ወዳጅ ያስቀየማችሁ፣ እንዴት ታረቃችሁ? እባካችሁ ጻፉልኝ። ወሩ እስኪያልቅ መጠበቅ አልችልም።